ቡና፣ እንቅልፍና ትምህርት

በአገራችን ቡና የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው። ጠዋት ይፈላል፤ ከቀትር በኋላ ይፈላል፤ እንግዳ ሲመጣም ይፈላል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቀው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ የእድሩ ወሬ የሚሰማው በቡና ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በጎሮ፣ በቦሌ ለሚ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት በኩል እስካሁን በእርሻና በከብት በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድም ልማዱ ይኸው ነው። ወደ ቦሌ መሐል የገባ ሰው ደግሞ በየፎቁ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶችን ያያል። ደንበኞቻቸው ሾፌሮች፣ ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ዘበኞች ናቸው።

«ቡና ካልጠጣሁ ነገር አይገባኝም» ይላል አንዱ። «ቡና ጭንቅላት ይከፍታል» ይላል ሌላው። «የለም፣ ቡና ልብ ያስመታል፤ እንቅልፍ ይነሣል» የሚልም አለ። ሁሉም በራሱ ላይ ያየውን ነው የሚናገረው። ታዲያ ቡና ለሚማር ሰው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ጥያቄውን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የጎልማሳ ትምህርት የድካም ሰዓት ትምህርት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙው ገበሬ ፊደል የቆጠረው ከእርሻ ከተመለሰ በኋላ፣ በኩራዝና በማሾ ብርሃን ነው። ዛሬም ቢሆን ጎልማሳው ወደ ክፍል የሚገባው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ነው። ዓይኑ ይከዳዋል፤ ያዛጋል። ስለዚህ ቡናን ይፈልጋል። ቡናውን ግን እንዴትና መቼ እንደሚጠጣ ካላወቀ፣ የረዳው መስሎት ሊጎዳው ይችላል። በምሥራቅ አዲስ አበባ በአንድ የጎልማሶች ክፍል ካገኘናቸው ተማሪዎች መካከል ሁለቱ በዚሁ በቡና ምክንያት ትምህርታቸውን ሊተዉ ደርሰው ነበር። አንዷ ቡና ስለ ቀረባቸው ነው። ሌላው ስለ በዛባቸው ነው።

ሁለት ተማሪዎች

አንደኛዋ ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ እናት ናቸው። ጠዋት በማለዳ ላም ያልባሉ። ወተቱን ይዘው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ተመልሰው የቤቱን ሥራ ሲጨርሱ ይመሻሻል። ስለዚህ በቀን ቡና የሚጠጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው። ትምህርቱ ሲጀመር ሰዓቱ 10 ሰዓት ሆነ። ቀኖቹም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆኑ።

እኚህ እናት ሰኞ ክፍል ገብተው ጥቂት እንደ ተቀመጡ ራሳቸውን ይወቅራቸው ጀመር። ማክሰኞ ዳኑ። ረቡዕ እንደገና አመማቸው። ሐሙስ ደህና ሆኑ። ዓርብ ደግሞ ባሰባቸው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ደብተራቸውን ይዘው ወደ መምህሩ ቀረቡና «ልጄ፣ ይኸ ፊደል ራስ ይፈልጣል። ለእኔ ዕድሜ አልተፈጠረም። እግዜር ያክብርህ፣ ከእንግዲህ አልመጣም» አሉት።

ሌላው ተማሪ አንድ አባወራ ናቸው። ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ያርሱበት የነበረው መሬት ለቤት መሥሪያ ተወስዶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። እሳቸውም ቦሌ ውስጥ በአንድ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ሆነው ተቀጥረዋል። ከክፍል እንደ ወጡ በቀጥታ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ማታ በ1 ሰዓት ይገባሉ፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ይወጣሉ። ገና ሲገቡ በር ላይ ካለችው ቡና ሻጭ ሁለት ሲኒ ይጠጣሉ። በፔርሙስ የያዙትን ደግሞ በእኩለ ሌሊት ይጠጣሉ። ሊነጋጋ ሲል፣ እንቅልፍ በሚከብድበት በ11 ሰዓት፣ የቀረውን ይጨልጡታል። ቤታቸው ደርሰው በ2 ሰዓት ጋደም ሲሉ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ቢመጣም ቶሎ ይነቃሉ። በ6 ሰዓት ተነሥተው ደግሞ ወደ ሌላ ጉዳያቸው ይሄዳሉ።

የእኚህ ሰው ችግር ራስ ምታት አይደለም። «ክፍል ውስጥ እኮ ይገባኛል። መምህሩ ሲጽፈው አነባለሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ፊደሉ ከዓይኔ ይጠፋል። እንደ አዲስ ነው የሚሆንብኝ» ይላሉ። ጓደኞቻቸው «ቡና ጨምር» ብለው መከሯቸው። ጨመሩ። ነገሩ ግን ባሰ።

የሁለቱን ነገር ለመረዳት ቡና ውስጥ ምን እንዳለ፣ እሱም አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቡና ውስጥ ያለው ነገር

ቡና የሚያነቃው በውስጡ ካፌይን የሚባል ነገር ስላለ ነው። ካፌይን ለብቻው ተለይቶ ሲወጣ ነጭ ዱቄት ይመስላል፤ ጣዕሙም መራራ ነው። ከቡና ፍሬ መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ሩንገ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1819 ነው። የቡናውን ፍሬ የሰጠው ጎተ የተባለው የታወቀ የጀርመን ደራሲ ነበር።

ካፌይን ሻይ ቅጠል ውስጥም አለ። የቡና ቅጠልም ካፌይን አለው። ስለዚህ በሐረርጌና በሌሎችም አገሮች የቡና ቅጠል አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ትንሽ ትንሽ መነቃቃቱ አይቀርም።

የቡና ዛፍ ካፌይን የሚያበጀው ለእኛ ብሎ አይደለም። ራሱን ለመጠበቅ ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን ሊበላ የመጣ ተባይ ካፌይኑ ይጎዳዋል። የአበባው ማር ውስጥ ግን ያለው ካፌይን እጅግ ጥቂት ነው፤ ንብን አይጎዳም። እንዲያውም የሚያስገርም ነገር ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ካፌይን የገባበት ስኳር ውሃ የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ በማግሥቱ ያስታውሱ ነበር። ያስታወሱት ንቦች ቁጥር ስኳር ውሃ ብቻ ከቀመሱት ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ንብ የምታረቡ ሰዎች ይህን ስትሰሙ ደስ ሳይላችሁ አይቀርም። ሰው ግን ንብ አይደለም፤ የሰውን ነገር ወደ ኋላ እናየዋለን።

የካፌይን መጠን የሚለካው በሚሊ ግራም ነው። አንድ ግራም 1000 ሚሊ ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም፣ ማለትም ወደ 4000 ሚሊ ግራም ይመዝናል። ሩብ ሊትር ገደማ በሚይዝ ትልቅ ብርጭቆ ተጣርቶ በተቀዳ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ ወደ 95 ሚሊ ግራም ነው። በዚያው ብርጭቆ ሻይ ቢቀዳበት ግማሹን ያህል ይኖረዋል። እንግዲህ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው ነገር ከስኳሯ ማንኪያ ጋር ሲተያይ አንድ ቁንጥር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የእኛ ሲኒ ትንሽ ናት። የጀበናውም አፈላል እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ አንዲት ሲኒ ይህን ያህል ትይዛለች ብሎ ለሁሉም ቤት አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። ይሁንና አቦሉ ከሁሉም ይበረታል። ቶናውና በረካው የሚፈሉት በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ በመሆኑ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። እናቶቻችን ለልጅና ለአቅመ ደካማ በረካውን መቅዳታቸው ምክንያት አለው።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

ሰው ነቅቶ ሲውል አንጎሉ ይሠራል። በሚሠራበት ጊዜ አዴኖሲን የሚባል ነገር በውስጡ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አዴኖሲን የድካም መልእክተኛ ነው ማለት ይቻላል። በአንጎል ውስጥ ለእሱ የተዘጋጁ መቀመጫዎች አሉ። መልእክተኛው መጥቶ መቀመጫው ላይ ሲቀመጥ አንጎል «በቃ፣ ደክሞኛል፤ ልተኛ» ይላል። በቀኑ መጀመሪያ መልእክተኞቹ ጥቂት ናቸው። ወደ ማታ ግን ይበዛሉ። ሰው ሲተኛ ደግሞ ይቀንሳሉ። ጠዋት ቀለል ብሎን የምንነሣው ስለዚህ ነው።

ካፌይን በመልኩ ከአዴኖሲን ጋር ይመሳሰላል። ቡና ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ካፌይኑ በደም ውስጥ ይበዛል፤ አንጎልም ይደርሳል። እዚያም ሄዶ በአዴኖሲን መቀመጫ ላይ ጉብ ይላል። መልእክት ግን የለውም። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው ሥራው። እውነተኛው መልእክተኛ መጥቶ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ቆሞ ይቀራል። አንጎልም የድካሙን ወሬ ስለማይሰማ ያልደከመው ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካፌይኑ ድካሙን አላጠፋውም። ጉልበትም አልሰጠም። ወሬው እንዳይሰማ ነው ያደረገው። መልእክተኞቹ በር ላይ ቆመው ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ካፌይኑ ሲነሣ ሁሉም ተጋፍተው ይገባሉ። ቡና ጠጥቶ ሲያመሽ የቆየ ሰው በድንገት ዝልል የሚለው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በየቀኑ ብዙ ቡና በሚጠጣ ሰው አንጎል ውስጥ መቀመጫዎቹ ይጨምራሉ። ዘዴ ነው፤ የተያዘበትን ቦታ በሌላ መተካቱ ነው። ያን ጊዜ በፊት ሰውየውን ያነቃው የነበረው ሲኒ አይበቃውም። ቡናው ከቀረ ደግሞ እነዚያ ሁሉ መቀመጫዎች በአዴኖሲን ይሞላሉ፤ ሰውየው ከማንም ሰው ይበልጥ ይደክመዋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲያውም የዘወትር ጠጪ ጠዋት በቡና የሚያገኘው ንቃት አብዛኛው የቀረበትን መሙላት ነው እንጂ ትርፍ አይደለም ይላሉ።

መንቃት ሌላ፣ መማር ሌላ

ሰዎች በቡና ኃይል ሲነቁ የኖሩት ዛሬ አይደለም። የቡና ዛፍ የተገኘው በአገራችን በደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው። በመጠጥነት በጽሑፍ የምናውቀው ግን ባሕር ተሻግሮ በየመን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን የነበሩ የእስልምና ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ነቅተው ለመቆየት ይጠጡት ነበር። በእኛ አገር ደግሞ በሰሜንና በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና ሲነቀፍ ከቆየ በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን እየተለመደ መጣ። ዛሬማ ማን ይነቅፈዋል!

ሱፊዎቹ አልተሳሳቱም። የደከመ ሰው መጠነኛ ቡና ሲጠጣ ዓይኑ ይገለጣል፤ ሐሳቡን ይሰበስባል፤ ቶሎ ይመልሳል። ይህ በብዙ ሙከራ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ከእርሻ ደክሞ የመጣ ተማሪ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለት ሲኒ ቢጠጣ መምህሩን ለማዳመጥ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ ማዳመጥ የመማር መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የሰማነው ነገር እንዲቀር አንጎል ማኖር አለበት። ነገሩን በእህል እንመስለው። ቀን የተማርነው ፊደል ተወቅቶ በአውድማ ላይ እንዳለ እህል ነው። አልጠፋም፤ ግን ገና ጎተራ አልገባም። ወፍ ሊለቅመው፣ ዝናብ ሊያበሰብሰው ይችላል። እህሉ ጎተራ የሚገባው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስንተኛ አንጎላችን አይተኛም። ቀን ያየውንና የሰማውን እየደጋገመ፣ የሚረባውን ከማይረባው እየለየ ያኖረዋል። በተለይም ከባዱ እንቅልፍ፣ ሰው ቢጠራ የማይሰማበት ጊዜ፣ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋል። ካፌይን ደግሞ የሚያሳንሰው በተለይ ይህንኑ ከባዱን እንቅልፍ ነው።

ዘበኛው አባወራ «በሁለተኛው ቀን ፊደሉ ከዓይኔ ይጠፋል» ያሉት እንግዲህ ይህን ነው። እህሉን ወቅተውታል። ጎተራ የሚያስገባው እንቅልፍ ነው ያጡት።

ካፌይን ትውስታን ራሱን ያጠነክር እንደሆነም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች ሥዕሎች እንዲመለከቱ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ለአንዳንዶቹ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ለሌሎቹ ካፌይን የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። በማግሥቱ ሲፈተኑ ካፌይን የወሰዱት የሚመሳሰሉ ሥዕሎችን ከቀድሞዎቹ ለይተው በማወቅ ትንሽ በለጡ። ወሬው በጋዜጣ ሁሉ ተነገረ። በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ግን ጥቅሙ ቢኖር እንኳ ትንሽ መሆኑ ታየ። የእንቅልፍ ጥቅም ግን በየጊዜው ተደጋግሞ የተገኘ ነው። ስለዚህ ለትውስታ ብሎ ቡና የሚያበዛና እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ለሁለት ጣሳ እህል አንድ ኩንታል የሚከፍል ነጋዴ ነው።

ቡና ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ንቃቱም ይበላሻል። ልብ ይመታል። ሐሳብ ይበተናል። እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። እርሳስ መያዝ ገና ለለመደ ጎልማሳ የ«ጨ»ን እግሮችና የ«ኘ»ን ቆብ በመስመሩ ላይ ማስቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። በሚንቀጠቀጥ እጅማ እንዴት ይሆናል?

ካፌይን መቼ ከሰውነት ይወጣል?

በደህና ጤንነት ላይ ባለ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ከገባው ካፌይን ግማሹን ለማስወጣት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንዳንዱ ሰው ፈጠን ይላል፤ አንዳንዱ ይዘገያል። ከሌላ 5 ሰዓት በኋላ የቀረው ደግሞ ይገመሳል። እስቲ በደብተራችሁ አስሉት።

አንድ ሰው ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን ወሰደ እንበል። ከምሽቱ በ3 ሰዓት 80 ይቀራል። ከሌሊቱ በ8 ሰዓት 40 ይቀራል። ጠዋት በ1 ሰዓት ከላሙ ጋር ሲነሣ ገና 20 ሚሊ ግራም አለው። ያን ቀን ደግሞ ሌላ ይጨምርበታል።

«እኔ ቡና ጠጥቼ ወዲያው እተኛለሁ፤ ምንም አይለኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ የደከመ ሰው ይተኛል። እንቅልፉ ግን ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ለሰዎች ሰጥቶ እንቅልፋቸውን ለካ። ከመተኛታቸው 6 ሰዓት አስቀድመው የወሰዱት ሰዎች እንኳ እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀነሰ። የሚገርመው፣ ሰዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል መቀነሱ አልታወቃቸውም ነበር።

ለጤናማ ጎልማሳ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም የሚያሠጋ አይደለም ሲል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 አስታውቋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን የተለየች ናት። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ካፌይኑ እስኪገመስ ድረስ ከ5 ሰዓት ፋንታ እስከ 15 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ወደ ፅንሱም ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። ልጆችም ቢሆኑ እንቅልፍ የሚያስፈልጋቸው ከእኛ ይበልጥ ነው። «ለቅምሻ» እየተባለ በየቀኑ የሚቀዳላቸው ሲኒ ቢቀር ይሻላል።

ደግሞ ከምግብ ጋር ያለው ነገር አይረሳ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህሉና ከጎመኑ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሱበታል። ሻዩ እንዲያውም ከቡናው ይብሳል። ይህን የሚያደርገው ካፌይኑ አይደለም፤ ሌሎች በውስጣቸው ያሉ ነገሮች ናቸው። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። ደም ያነሰው ሰው ይደክመዋል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ደክሞኛል ብሎ ደግሞ ቡና ይጨምራል። ስለዚህ ቡናውን ከምሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማስቀደም ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ማዘግየት ነው የሚሻለው። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች።

እናቲቱን ያመማቸው ምን ነበር?

መምህሩ እኚያን እናት በቀላሉ አልለቀቃቸውም። «እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ። የሚያምዎት በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በትምህርቱ ቀን ነዋ! ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።»

«በሌላውስ ቀን?»

«በሌላው ቀንማ ደህና ነኝ። ቤቴ ቡናዬን ጠጥቼ እውላለሁ።»

«በትምህርቱ ቀንስ ቡና መቼ ይጠጣሉ?»

ዝም አሉ። አሰቡ። «መቼ ጊዜ አገኛለሁ? ከዚህ ስመለስ መሽቷል። እራቱ አለ፣ ከብቱ አለ» አሉ።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ፣ ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ሊያመው ይጀምራል። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል። ካፌይኑ ሲጠፋ ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ራስ ይወቅራል። እናቲቱ እሑድ በ10 ሰዓት ይጠጣሉ። ሰኞ በ10 ሰዓት ክፍል ሲቀመጡ ልክ 24 ሰዓት ይሆናቸዋል። ሕመሙ የሚነሣው ፊደሉ ፊት ለፊታቸው ተጽፎ ሳለ ነው። ስለዚህ በፊደሉ ላይ ፈረዱበት። በዐቢይ ጾምና በረመዳን መጀመሪያ ቀኖች ብዙ ሰው ራሱን የሚያመውም አንዱ ምክንያት ይኸው የቡና መቅረት ነው።

ቡናን መተው የፈለገ ሰው በአንድ ቀን ባያቋርጥ ይሻላል። ከሦስት ሲኒ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እያለ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቢቀንስ ሕመሙ አይጠናበትም። በአንድ ጊዜ ያቋረጠም ቢሆን ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ታግሦ ያልፍለታል። ራስ ምታቱ ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ቡና እየተጠጣም ከመጣ፣ ነገሩ የቡና ላይሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ጽሑፍ ሲያነቡ ብቻ የሚያም ከሆነ ደግሞ ዓይንን መታየት ነው።

እናቲቱ ቡናን መተው አልፈለጉም፤ እኛም ተዉ አላልናቸውም። ክፍሉ ተነጋግሮ ትምህርቱ በ10 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በ10 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር ተስማማ። እሳቸው ጀበናውን በ9 ሰዓት ተኩል ይጥዳሉ። ጎረቤቶቻቸውም ቀደም ብለው ይመጣሉ። አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን ለልጃቸው ትተው ይነሣሉ። ራስ ምታቱ ቀረ። ከጎረቤቶቹም ሁለቱ «አብረን እንሂድ» ብለው ተመዘገቡ፤ ይህን እንኳ ማንም አላሰበውም ነበር።

የዘበኛው አባወራ ነገር ግን ቶሎ አልተፈታም። ሌሊት ማደር ግድ ነው፤ እንጀራቸው ነው። ቀን መተኛትም ለሰው ሰውነት ከባድ ነው፤ ብርሃኑ አለ፣ ጫጫታው አለ። «ጋሼ፣ ቡናውን አይተዉ፤ ሰዓቱን ይቀይሩት» አላቸው መምህሩ። በሥራው መጀመሪያ የሚጠጡትን ሁለት ሲኒ አልነካም። የ11 ሰዓቱ ግን ቀረ። ያ ሲኒ በ2 ሰዓት ሊተኙ ሲሉ ገና ሦስት ሰዓቱ ነው፤ አብዛኛው ካፌይን በደማቸው ውስጥ አለ። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ቡና አይቀምሱም። በ11 ሰዓት እንቅልፍ ሲከብዳቸው ይነሡና ግቢውን ይዞራሉ፤ ፊታቸውን ይታጠባሉ። በቤታቸው መስኮት ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀሉበት። ጉዳያቸውንም ከ6 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት አዛወሩት።

የመጀመሪያው ሳምንት መራራ ነበር። «ሊነጋጋ ሲል ግድግዳው ሁሉ አልጋ ይመስለኛል» ይሉን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት መምህሩ የሰኞውን ቃል ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ ጠየቀ። እሳቸው እጃቸውን አወጡ።

በሕንፃው በር ላይ አንድ መዝገብ አለ። የሚገባው ሰው ስም፣ የመኪናው ቁጥርና ሰዓቱ ይጻፍበታል። እኚህ ሰው ከተቀጠሩ ጀምሮ መዝገቡን የሚሞላላቸው ባልደረባቸው ነበር። እሱ በማይኖርበት ሌሊት መኪና በመጣ ቁጥር ሾፌሩን «አንተው ጻፍልኝ» እያሉ ይለምኑ ነበር። ባለፈው ጊዜ ልናያቸው ስንሄድ መዝገቡን ከፍተው አሳዩን። ሁለት ገጽ ሙሉ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ከመስመሩም ወጣ ወጣ ይላል። ከገጹ ራስ ላይ የሌሊቱ ተረኛ የራሳቸው ስም አለ።